አባዬ እንዲህ ይሉ ነበር

የእትዬ ዘሃራን መሞት የነገረኝ ፌስቡክ ነው። ቢቸና፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆሜ ስልኬን ስነካካ ኔትወርኩ ብቅ አለና አንድ ፎቶ ተከፈተ። ነጭ ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ፎቶ አንሺውን ሊቆጡት አፋቸውን ከፈት አድርገዋል። ከሥሩ፣ በየዓመቱ የቁርአን ጥናት ጉባኤ የሚያዘጋጀው ማኅበር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «የታላቁን ዓሊም የአባታቸውን የሸኽ እንድሪስን ተፍሲር በቃላቸው ጠብቀው ያቆዩልን እናታችን ወደ አኼራ ሄደዋል።»

ጠብቀው ያቆዩልን! ማልቀስ ሲገባኝ ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ የሰው ዕቃ በአደራ ተቀብለው፣ ቆልፈውበት የኖሩ አስመሰሏቸው እኮ። አንድ ባልደረባዬ ፊቴን አይቶ ጠጋ አለ።

«ምነው? ደኅና አይደለህም?»

«ሰው ሞተብኝ።»

«ማን?»

«ሞጣ ሳለሁ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ» አልኩት። እንዲህ በማለቴ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። እትዬ ዘሃራ የቁርአን ሊቅ ነበሩ። የጻፈው ሰው ስለሌለ እዚህ ላይ በግልጽ ልጻፈው።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ሞጣ ስለነበር፣ ከባለቤቴ ከትዕግሥት ጋር እሳቸው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየን። ባላቸው በየገበያው እየዞሩ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ፤ እኛ ስንገባ ከሞቱ ቆይተዋል። ክፍላችንን ከእሳቸው ሳሎን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የሰፈሩ ሙስሊም ሴቶች ሱቃቸውን ለሰው አደራ እየሰጡ ይመጣሉ፤ ሳሎኑ ይሞላል፤ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ደብተር አርማለሁ። መጀመሪያ የዕድር ስብሰባ መስሎኝ ነበር። ቁጣውን ስሰማ ነው ትምህርት መሆኑ የገባኝ።

«ደግመሽ በይው! ያልኩትን ሳትይዢ ነው የምትከራከሪኝ?»

አንድ አንቀጽ በዐረብኛ ያነቡና ትርጓሜውን በአማርኛ ይተነትናሉ፤ ተፍሲር የሚባለው ይህ ነው። መቃወም ይፈቀዳል። ነገር ግን የምትቃወመዋ ሴት አስቀድማ እትዬ ዘሃራ ያሉትን ሳታዛንፍ መልሳ መናገር አለባት፤ ካልቻለች ዝም ትላለች። በተናደዱ ጊዜ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ይመታሉ፤ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ያረፈደችውን በር ላይ ያቆማሉ። ያልገባቸው ነገር ሲገጥማቸው ግን አያድበሰብሱም። «ገና አልገባኝም፤ ለሌላ ሐሙስ ይቆይ» ይላሉ። ይህን ያለ የዩኒቨርሲቲ መምህር አንድም ገጥሞኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ያጋባኝ ነበር። እያንዳንዱን ትርጓሜ የሚጀምሩት «አባዬ እንዲህ ይሉ ነበር» ብለው ነው። አባታቸው ሸኽ እንድሪስ በሞጣ የታወቁ የቁርአን መምህር ነበሩ፤ እትዬ ዘሃራ ገና ልጃገረድ ሳሉ ነው የሞቱት።

አንድ ሐሙስ የመርየምን ምዕራፍ ያዙ። መርየም፣ እኛ ማርያም የምንላት፣ ምጥ ይዟት ብቻዋን ከቴምር ዛፍ ሥር ሳለች፣ ግንዱን ወደ አንቺ ወዝውዢው፣ የበሰለ ቴምር ይረግፍልሻል የተባለችበት ቦታ ላይ ደረሱ። አንዲት ተማሪ በምጥ ላይ ያለች ሴት እንዴት አድርጋ ዛፍ ትወዘውዛለች ብላ ጠየቀች።

«አባዬ እንዲህ ይሉ ነበር» አሉ። «ቴምሩማ ሳትነካውም ይረግፍ ነበር፤ አላህ ምን ይሳነዋል? ግን የምታምጥ ሴት እጇ የሚጨብጠው ይፈልጋል። ሌላዋ እናቷን ትይዛለች፣ ጎረቤቷን ትይዛለች። መርየም ማን አላት? የምትይዘው ግንድ ሰጣት።»

ከዚያ አንዲት ሴት ስታለቅስ ሰማሁ። ትዕግሥት የመጀመሪያ ልጃችንን ወልዳ አራስ ነበረች፤ አልጋው ላይ ሆና እሷም ትሰማለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄ የአባታቸው አይደለም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«በምን አወቅሽ?»

«አባታቸው አምጠው ያውቃሉ?»

ትዕግሥት ስታምጥ እጇን ይዘው የቆዩት እትዬ ዘሃራ ነበሩ። ያኔ የራሳቸውን ነግረዋታል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ ባላቸው መርጡለ ማርያም ገበያ ሄደዋል፤ ዝናቡ ሰው አላስወጣም፤ ጎረቤት ቢጣራ አይሰማም። የቤቱን ምሰሶ በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘው ብቻቸውን ተገላገሉ። ለትዕግሥት «ያ ምሰሶ ባይኖር አልተርፍም ነበር» ብለዋታል።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ በርበሬ ሲያሰጡ ደረስኩባቸው።

«እትዬ፣ አባትዎ ስለ ግንዱ የነገሩዎት መቼ ነው?»

«አንተ ጆሮህን ከግድግዳዬ ላይ አንሳ!»

«የነገሩዎት መቼ ነው?»

በርበሬውን እየገለበጡ ተናገሩ። «አባዬ ለወንዶቹ ቁርአኑን እየጨረሱ እየደገሙ አስተምረዋል። እኔን ግን ቤት ውስጥ ለብቻዬ ነው የያዙኝ። የከህፍን ምዕራፍ ጨረስን፤ ቀጥሎ መርየም ነው፤ እሱን አዝመራው ሲገባ እንጀምራለን አሉኝ። ታመሙ፣ በዚያው ሞቱ።»

«ስለዚህ ከመርየም ወዲህ ያለው ሁሉ የእርስዎ ነው!»

«ምን የእኔ አለበት? ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ኪታቡን የተዉልኝ እሳቸው። ቁርአን ላይ እኔ እንዲህ እላለሁ ተብሎ ይነገራል? አያስፈራም? ሂድ፣ ፈተናህን አርም።»

አባቴ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነው። እኛ ዘንድ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የዘረፈ ተማሪ ከጓደኞቹ ፊት መቆም አይችልም፤ ስሙ እስከ ሌላ ደብር ይከተለዋል። የሰው ቃል የሚሰርቁ ሰዎችን እያየሁ ነው ያደግሁት። የራሱን ቃል ለሞተ ሰው የሚሰጥ ሰው ያየሁት ሞጣ ነው። እንዲህ የሚያደርጉበትን ምክንያት እረዳለሁ፤ አሁንም አከብረዋለሁ። ግን ያናድደኝ ነበር፤ ያንንም አልደብቅም።

ቆይቼ ደግሞ የባሰ ነገር አየሁ። ጥቂት ቤቶች አልፎ የሚኖሩት የመስጊዱ ኢማም ሸኽ ዑመር፣ ወንዶቹን ሲያስተምሩ የከበዳቸው አንቀጽ ካለ በሚስታቸው በኩል ጥያቄ ይልካሉ። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሸኽ እንድሪስ በዚህ ላይ ምን ይሉ ነበር?» እትዬ ዘሃራም «ላስታውስና ለሐሙስ እልካለሁ» ይላሉ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ኪታብ ሲያወጡና ሲከቱ፣ ከራሳቸው ጋር ሲከራከሩ፣ ጉልበታቸውን ሲመቱ እሰማለሁ። ሐሙስ ሲደርስ «አባዬ እንዲህ ይሉ ነበር» የሚል መልስ ይሄዳል። ማስታወስ ማለት እንዲህ ከሆነ እኔ በዕድሜዬ አንድም ነገር አስታውሼ አላውቅም።

እኛ ወደ ቢቸና ከተዛወርን በኋላ ዶክተር ነስሩ ሞጣ መጡ። ዶክተር ነስሩ የቁርአን ትርጓሜን በአገርኛ ቋንቋዎች የሚያጠኑ፣ በጉባኤው ዓለም ስም ያላቸው ሰው ናቸው። ክፉ ሰው ናቸው ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አይደሉም። ከእትዬ ዘሃራ ፊት ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠው፣ ሲቆጧቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸውን ለወራት ቀድተዋል። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ቢቸና አርፈው ስለነበር አንድ ጭማቂ ቤት ተገናኘን።

«ዶክተር፣ አባታቸው እሳቸውን ያስተማሯቸው እስከ የት እንደሆነ ጠይቀዋቸዋል?» አልኳቸው።

«መምህር፣ የቀዳሁት ሁሉ ‹አባዬ እንዲህ ይሉ ነበር› ብሎ ነው የሚጀምረው። ምንጩ ራሱ የአባቴ ነው ሲል እኔ አይደለም ማለት አልችልም። ጥናት በመረጃ ነው።»

«መረጃውን እኔ እየሰጠሁዎት ነው።»

«የእርስዎ አስተያየት ነው» አሉ በትሕትና። ጭማቂዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። እንዲህ የሚያበሳጨኝ የለም፤ ሰውየው ትሕትናቸውም ሳይጎድል፣ ደንባቸውም ሳይዛነፍ የሰው ዕድሜ ጠራርገው ሄዱ።

አዲስ አበባ ለሚደረገው የማኅበሩ ጉባኤ እትዬ ዘሃራም ተጠሩ። ሚኒባሱ ከሞጣ ተነስቶ ቢቸና ሲደርስ እኔም ተሳፈርኩ፤ ሸኽ ዑመርም ተጋብዘው ከፊት ተቀምጠዋል። አዳራሹ በር ላይ ሁላችንም አንገታችን ላይ የምናንጠለጥለው ካርድ ተሰጠን። የዶክተሩ ላይ «ጥናት አቅራቢ» ይላል። የእትዬ ዘሃራ ላይ «እንግዳ» ይላል። ካርዱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት።

«እንግዳ? የማን እንግዳ?» አሉኝ።

ጉባኤ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አየሁ። አንዱ ይወጣና ከእሱ በፊት የወጣውን ያመሰግናል፤ ቀጣዩ ወጥቶ ያመሰገነውን ያመሰግናል። ሁሉም ጊዜ አነሰኝ ይላል፤ ግማሹን ጊዜ የሚያጠፋው ጊዜ እንዳነሰው በመናገር ነው። የሚቃወም ሲነሳ የተባለውን መልሶ የሚናገር የለም፤ የራሱን ይዞ መጥቶ የራሱን አውርቶ ይቀመጣል። እትዬ ዘሃራ ቢያስተምሯቸው ኖሮ ሁሉንም በር ላይ ያቆሟቸው ነበር። «የሴቶች ሚና በቁርአን ትምህርት» የሚል ክፍለ ጊዜም ነበር። መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ወንዶች ናቸው።

ዶክተር ነስሩ በዚህ ክፍለ ጊዜ ነው ያቀረቡት። የሞጣውን ሸኽ እንድሪስን ከመረሳት ያወጣሁ ነኝ አሉ። ከዚያ የመርየምን ግንድ አነሱ፤ እትዬ ዘሃራ ያሉትን ቃል በቃል አነበቡት። ቀጥለውም «ሸኹ ወንድ ሆነው ሳለ ለምጥ ሕመም ያላቸው ርኅራኄ ከዘመናቸው የቀደመ ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እትዬ ዘሃራ አንገታቸውን ደፍተው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ፤ ቀስ ብለው ነበር፣ ከአጠገባቸው ስለነበርኩ ነው የሰማሁት።

እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎኑ ሲደርሰኝ ተነሳሁ።

«ሸኽ እንድሪስ ልጃቸውን ያስተማሩት እስከ ከህፍ ነው። መርየምን አልጀመሩላቸውም። ይህ ትርጓሜ የአባትየው ሊሆን አይችልም።»

«ይቅርታ፣ ጥያቄ ነው ወይስ አስተያየት?» አሉ ሰብሳቢው።

«እውነት ነው!»

አንዳንዶች ሳቁ። ሰብሳቢው ግን ነገሩን መዝጋት ፈልገው ወደ እትዬ ዘሃራ ዞሩ። «እናታችን እዚሁ አሉልን፤ ለምን እንጨነቃለን? ይህ ቃል የአባትዎ ነው ወይስ የእርስዎ?»

ማይክሮፎኑን ሰጧቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ጥያቄ በአደባባይ የጠየቃቸው አልነበረም። ዶክተር ነስሩ እንኳ ብዕራቸውን አስቀምጠው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። እትዬ ዘሃራ አዳራሹን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ዓይናቸው ሸኽ ዑመር ላይ ደርሶ ቆመ። ሸኽ ዑመር መሬት መሬት ያያሉ።

«የአባቴ ነው» አሉና ማይክሮፎኑን መለሱ።

እንደገና ተጨበጨበ። እኔን አንድ ወጣት ተመራማሪ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ያጋጥማል» አለኝ። ሻይ ዕረፍት ላይ ማንንም ማናገር አልቻልኩም፤ የምናገረው ነገር ስድብ ብቻ ነበር።

ስንመለስ አባይን ወጥተን ደጀን ላይ ለምሳ ቆምን። ሸኽ ዑመር ሊሰግዱ ሄዱ። ከእትዬ ዘሃራ ጋር ብቻችንን ስንቀር ያፈንኩት ሁሉ ወጣ።

«በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም አደረጉኝ!»

«ማን ተናገር አለህ?»

«የራስዎ ነው እኮ! ምሰሶውን ይዘው የወለዱት እርስዎ ነዎት!»

«ድምፅህን ቀንስ» አሉኝ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «የእኔ ነው ብል ምን ይሆናል? ዑመር ይህን ቃል ለወንዶቹ ያስተምራል። አባዬ ለልጃቸው ቤት ውስጥ የነገሯት ነው ብሎ ነው የሚያስተምረው። ከአንዲት ጨርቅ ነጋዴ ሚስት ጭንቅላት የወጣ መሆኑን ያወቀ ቀን ይጥለዋል። እሱ ከጣለው ሁሉም ይጥለዋል። ስሜ ይቅርና ቃሉ ይኑርልኝ!»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን?»

«አንድ ሰው እንኳ ዘሃራ ጥሩ ተናገረች ሲልዎት መስማት አይፈልጉም?»

ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና ጠመጠሙት።

«አንድ ጊዜ ብሰማው ደስ ይለኛል» አሉ። «አንድ ጊዜ። ከሚያውቅ ሰው።»

እኔ የሚያውቅ ሰው አይደለሁም። ክርስቲያን ነኝ፣ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ የእኔ አድናቆት ለእሳቸው የተከራይ አድናቆት ነው። ይህም ገብቶኝ ተናደድኩ። ሸኽ ዑመር ሲመጡ ተነስተን ሚኒባሱ ውስጥ ገባን።

የዶክተሩ መጽሐፍ ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ የሸኽ እንድሪስ ስም በትልቁ ተጽፏል። እትዬ ዘሃራ መግቢያው ላይ «መረጃ በመስጠት የተባበሩ» ከተባሉት መካከል አሉ፤ ከዶክተሩ ሾፌር ቀጥሎ። እሳቸው ሞጣ ሆነው ሐሙስ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ያን ፎቶ አየሁ።

ቀብራቸው አመለጠኝ፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። በተከፈተ ጊዜ ለለቅሶ ሞጣ ሄድኩ። ግቢው ያው ነው፤ የተከራየነው ክፍል ተዘግቷል። ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ውጭ ናቸው። ሸኽ ዑመር እጄን ይዘው እስከ ራሳቸው ቤት በር ድረስ ወሰዱኝ፤ አርጅተዋል፤ በር ላይ ካለው ድንጋይ አጠገብ ቆምን። «አላህ ይዘንላት» አሉ። «የሸኻችን ዕውቀት በእሷ ነው የቆየልን።»

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«ሸኽ ዑመር፣ ያ ስለ መርየም ግንድ የሚያስተምሩት የሸኽ እንድሪስ አይደለም። የእትዬ ዘሃራ ነው። ሌላውም አብዛኛው የእሳቸው ነው። ከፈለጉ ዛሬውኑ ይጣሉት!»

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። «አውቃለሁ» አሉ።

«ምን ያውቃሉ?»

«እኔ እኮ የሸኽ እንድሪስ ተማሪ ነበርኩ። መርየምን ሲያስተምሩን ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ። ስለ ግንዱ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ አንብበው አለፉት። ባለቤቴ የሐሙሱን ትምህርት ሰምታ ቤት መጥታ ስትነግረኝ፣ ይህ የዘሃራ ነው አልኩ። ከእኔ ጋር የተማሩት ሁሉ ያውቃሉ።»

«እያወቃችሁ ነው የምታስተምሩት?»

«እንዲህ ያለ ቃል እንዴት ይጣላል? አንድም ኪታብ ላይ አላገኘሁትም።»

«ታዲያ የእሳቸው ነው ለምን አላላችሁም?» ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ግድ አልሰጠኝም።

«እሷ የአባዬ ነው እያለች? ውሸትሽን ነው ልበላት?» አሉ። «ጉባኤው ላይም የአባቴ ነው አለች። ተነስቼ ላዋርዳት ነበር? ብንነካት ደንግጣ ትተወዋለች ብለን ፈራን። ጥያቄ ስንልክ እንኳ ሸኹ ምን ይሉ ነበር እያልን የላክነው ለዚያ ነው። መልሱ የእሷ እንደሆነ እያወቅን።»

«እሳቸው ደግሞ የእኔ መሆኑን ካወቁ ይጥሉታል ብለው ነው የደበቁት።»

«እንዲህ አለችህ?»

«ደጀን ላይ። እርስዎ ሊሰግዱ ሄደው ሳለ። አንድ ጊዜ፣ ከሚያውቅ ሰው፣ ጥሩ ተናገርሽ መባል እፈልጋለሁ ብለውኛል።»

ሸኽ ዑመር ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ያዘነውን ማጽናናት ወጉ ነው፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ደግሞ ዝም ብሎ መቆም ነውር ነው።

አላጽናናኋቸውም። ከተቀመጡበት ሆነው የእትዬ ዘሃራ በር ይታያቸዋል፤ እትዬ በሕይወት ሳሉም ያ በር እንዲሁ ይታያቸው ነበር።